ከፈውስ በኋላ ያለ ትእዛዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የምኵራብ አለቃውን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ባስነሣት ጊዜ፣ ተአምራቱ ከተፈጸመ በኋላ አንድ ነገር ማዘዙን ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ በ5ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ጽፎልናል። ያዘዘውም ለብላቴናይቱ የምትበላውን እንዲሰጧት ነው። የሄደችውን ነፍስ የመለሰ አምላክ የልጂቱን ረኃብ በቃሉ ማራቅ ይሳነው ነበር አይባልም። ነገር ግን ሞትን ማሸነፍ ሰው የማይችለው ስለ ሆነ እርሱ ራሱ ፈጸመው፤ ማዕድ ማቅረብ ግን አባትና እናት የሚችሉት ስለ ሆነ ለእነርሱ ተወላቸው። አልዓዛርንም ከመቃብር በጠራው ጊዜ እንዲሁ አደረገ፤ መግነዙን ይፈቱለት ዘንድ ያዘዘው በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች ነው። ከዚህም የምንማረው ፈውስ ከእግዚአብሔር ከተሰጠ በኋላ ለሰው የሚቀር ሥራ እንዳለ፣ ሥራውም ለዳነው ብቻ ሳይሆን አብረውት ላሉት ሁሉ የታዘዘ እንደ ሆነ ነው።

ይህን ትምህርት መነሻ አድርገን የምንመረምረው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በጡት ነቀርሳ፣ በዛሬው አጠራር በጡት ካንሰር፣ ታማ የነበረች አንዲት ምእመን ሕክምናዋን ፈጽማ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ፣ ስለ ጤናዋ ብላ አመጋገቧንና አኗኗሯን ብትለውጥ፣ ይህ እምነት ማጕደል ነውን? ሥጋን ከመጠን በላይ ማፍቀርስ ነውን? ወይስ ለእግዚአብሔር የምታቀርበው አገልግሎት ነው? ለውጡስ የእርሷ ብቻ ዕዳ ነው ወይስ የእኛም ጭምር?

ጥያቄው ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በዚህ ሕመም መያዛቸው ታውቋል፤ 670 ሺህ ያህል ሰዎችም በዚሁ ሕመም አርፈዋል። በሀገራችንም በሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው ይኸው ነው። ወንዶችንም ቢሆን አልፎ አልፎ ያገኛቸዋል። ይሁን እንጂ ሕመሙ በጊዜ ታውቆ በሚገባ ከታከመ ብዙዎች የሚድኑበት ነው። ስለዚህ ታክመው የዳኑ እናቶችና እኅቶች በመካከላችን አሉ፤ እኛም ከእነርሱ ጋር እንዴት መኖር እንደሚገባን ማወቅ ግድ ይሆንብናል።

ከአዲስ ዓለም ተነሥቶ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ ወደ ባኮ የሚወስደውን የምዕራብ ሸዋን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ፍል ውኃዋን ፈልጎ፣ ለሥጋው ዕረፍትን ሽቶ ከሩቅ የሚመጣባት ሰው ብዙ ነበር፤ ማዕድን ውኃዋም በጠርሙስ ተሞልቶ ወደ አገሩ ሁሉ ይሄዳል። ነገር ግን ከዚህችው ሀገረ ሕይወት የተነሣች እናት የጨረር ሕክምና የታዘዘላት እንደ ሆነ፣ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛ አዲስ አበባ መግባት ይኖርባታል። ይህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት በሀገራችን ይገኝ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በጅማ የተጀመረው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። የመጓጓዣው ወጪ፣ የማደሪያው ችግር፣ ተራ የመጠበቁ ጭንቀት፣ የቀዶ ጥገናውና የመድኃኒቱ ሕማም ሁሉ አልፎ ወደ ቤቷ በተመለሰች ጊዜ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ይላታል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ለእርሷ ግን አላለቀም። የኢያኢሮስ ልጅ ተነሥታለች፤ ማዕዱ ግን ገና አልቀረበም።

አንዳንድ ሰዎች እግዚአብሔር ከፈወሳት ወዲያ መጠንቀቅ ምን ያስፈልጋል፣ መድኃኒቱንስ መቀጠል ፈውሱን መጠራጠር አይሆንም ወይ ይላሉ። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዐት፣ የሕክምና ጥበብ ከእግዚአብሔር አምልኮ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ጠይቆ መልስ ሰጥቷል። የመልሱም ፍሬ ነገር ይህ ነው። ምድር የሚያስፈልገንን ሁሉ በራሷ ስለማታበቅል የእርሻ ጥበብ እንደ ተሰጠን፣ ሥጋችንም ለሕመም የተጋለጠ ስለ ሆነ የሕክምና ጥበብ ተሰጠን፤ ስለዚህ ጥበቡን ጨርሶ መናቅም ተስፋን ሁሉ በሐኪም ላይ መጣልም ስሕተት ነው። ቅዱሱም ይህን በቃል ብቻ አላስተማረም፤ በከተማው አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን የሚሆን ታላቅ ቤት አሠርቷል።

የጀልዱ ገበሬ ይህን ትምህርት ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ዝናም ከእግዚአብሔር ነው ብሎ ማሳውን ሳያርስ አይቀመጥም፤ ዘሩም ከበቀለለት በኋላ እግዚአብሔር አብቅሎልኛልና አረሙን አልነቅልም አይልም። እንዲያውም አረሙን የሚነቅለው ቡቃያው ስጦታ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ከሕመም በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄም እንዲሁ ነው፤ ፈውሱን የሚጠራጠር ሰው ሥራ ሳይሆን ፈውሱን ያከበረ ሰው ሥራ ነው።

ስለ ጠበልም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ግልጽ ትምህርት አላት። ከ1984 እስከ 2004 ዓ.ም. በፓትርያርክነት የመሩን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ የኤድስ ሕሙማን ጠበል በሚጠመቁበት ጊዜ የሐኪሙን መድኃኒት እንዳያቋርጡ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ አስተምረዋል። ይህ ትምህርት ለነቀርሳ ሕሙማንም ይሠራል። ዕጢያቸው በሆርሞን ኀይል የሚያድግ የነበሩ ብዙ ሴቶች፣ ታሞክሲፈን የሚባለውን ወይም እርሱን የመሰለ ኪኒን 5 ዓመት፣ አንዳንዶቹም እስከ 10 ዓመት በየቀኑ እንዲውጡ ይታዘዝላቸዋል። ሕመም ስለማይሰማቸው ዳንሁ ብለው የሚያቋርጡ አሉ፤ በጠበል ስፍራ ጣዪው የተባሉም አሉ። እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰጥ ሰው በቤተ ክርስቲያን ስም መናገር የለበትም።

ሐኪሞች ከሕክምና በኋላ የሚሰጡት ምክር ብዙ ቢመስልም ዋናው ጥቂት ነው። የሰውነት ክብደት ከመጠን እንዳያልፍ መጠበቅ፤ አትክልትን፣ ጥራጥሬንና ያልተፈተገ እህልን ማዘውተር፤ ስኳርና ጮማ የበዛበትን መቀነስ፤ የሚያሰክር መጠጥን መተው፤ ትንባሆን አለመቅረብ፤ ሰውነትን ማንቀሳቀስ፤ የታዘዘውን መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድና በቀጠሮ ቀን መገኘት ነው። ስለ እንቅስቃሴ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ፣ ከነቀርሳ የዳኑትን ጨምሮ ዐዋቂዎች ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ያህል መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ነው። ይህን ሁሉ ለመፈጸም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር አያስፈልግም። ጤፍ ከነቅርፊቱ የሚፈጭ እህል ነው፤ ምስሩ፣ ባቄላው፣ አተሩና ጎመኑም በየገበያችን አለ። የሚጐድለን ማስተዋልና መተባበር ነው።

ማስተዋል ያልኩት፣ ፍቅር ራሱ ዕውቀት ሲጐድለው ሊጐዳ ስለሚችል ነው። በአገራችን ልማድ ከበሽታ የተነሣ ሰው ሰውነቱ እንዲመለስ ተብሎ ቅቤና ሥጋ፣ ጠጅም ይቀርብለታል። ዘመድ ይህን የሚያደርገው ከአንጀቱ ስለሚራራ ነው፤ ርኅራኄውም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን የጡት ነቀርሳ ሕክምና አንዳንዷን እንደሚያከሳ ሁሉ ብዙዎችን ደግሞ ያወፍራል። ለከሳችው የሚጠቅማት ምግብ ለወፈረችው ላይስማማት ይችላል። ስለዚህ የሚወዳት ሰው ብዪልኝ ከማለቱ አስቀድሞ ሐኪሙ ምን ብሎሻል ብሎ ይጠይቃት። ያመጣችው ሁሉ ካልተበላላት የምትቀየም ጎረቤትም፣ የሰጠችው ለታማሚዋ ነው ወይስ ለራሷ ደስታ፣ ልቧን ትመርምር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የጾም ጉዳይ ነው። ጾም የነፍስ መድኃኒት፣ የሥጋም ልጓም መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ የታመመውን ሰው ከግዴታው ያወጣዋል። እንግዲህ በሕክምና ላይ ያለች ሴት ብርታት እስክታገኝ ድረስ ብትበላ ሕግ አፈረሰች አይባልም፤ ይህን የፈቀደው ራሱ ሕጉ ነውና። ብርታት ካገኘች በኋላ ደግሞ ጾም ወዳጇ ሊሆን ይችላል፤ የጾም ማዕድ የሆኑት ጥራጥሬና አትክልት ሐኪሙም የሚያመሰግናቸው ናቸውና። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ከእህል ተከልክሎ ማታ በዘይት የተጠበሰውን ያለ ልክ መመገብ፣ ለነፍስም ለሥጋም የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። የንስሐ አባትም የልጁን ጾም ከመወሰኑ በፊት የሐኪሙን ምክር ይጠይቃት፤ የኪኒኗን ሰዓት ከጾሙና ከቅዳሴው ሰዓት ጋር እንዴት እንደምታስማማ ከሐኪሟ ጋር እንድትመካከር ይንገራት። ቀኖና በሚሰጥበትም ጊዜ የተቀደደ ጡንቻና የደከመ ክንድ እንዳላት አስቦ ስግደቱን በሌላ ትሩፋት፣ በጸሎት ወይም በምጽዋት ይለውጥላት። በቅዳሴ ጊዜ ተቀምጣ ብትታይ ማንም አይፍረድባት።

ከጾም ይልቅ የሚከብደው የማኅበር ነገር ነው። በየወሩ በቅዱስ ሚካኤል ወይም በእመቤታችን ስም ጽዋ በሚጠጣበት ቤት፣ ከሰንበቴ ማዕድም ዘንድ፣ ጠላው ይቀዳል፤ ጠጅና አረቄም የሚቀርብበት ጊዜ አለ። የጉደር አገርም ስሟ ራሱ ለወይን ጠጅ መጠሪያ ሆኗል። ዛሬ በምርምር የተረጋገጠው ግን አልኮል ለጡት ነቀርሳ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ መሆኑ ነው፤ ጕዳቱም ከአልኮሉ ስለ ሆነ በቤት የተጠመቀው ጠላ ሆነ ከፋብሪካ የወጣው መጠጥ ልዩነት የለውም። ከሕመም የዳነችው እኅት ይቅርብኝ ስትል፣ አንድ ጊዜ ቅመሺ፣ የቅዱሱ በረከት አይቅርብሽ ብለው የሚያስጨንቋት አሉ። ይህ ደግ አይደለም። የጽዋው ክብር በሚዘከረው ቅዱስ ስም እንጂ በውስጡ በተቀዳው መጠጥ አይደለም። ውኃ የያዘ ጽዋ በጸሎት ከተባረከ ከበረከቱ የሚጐድለው የለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል የሚል ቢኖር፣ ሐዋርያው ያን የመከረው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሕመም፣ እንደ መድኃኒት ነው። ምክሩ የሚያስረዳው የደቀ መዝሙሩ ጤና ያሳስበው እንደ ነበር ነው፤ የሚጐዳትን ነገር ለእኅታችን እንድናቀርብ አይፈቅድልንም። የቅዱስ ቍርባኑ ደም ግን ከዚህ ጥያቄ ሁሉ ውጭ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ከዘቢብ ተዘጋጅቶ የሚሠዋ ስለ ሆነ ማንም አይጠራጠር።

አሁን ደግሞ ስለ ሥራ እንናገር። ሰውነትሽን አንቀሳቅሺ የሚለው ምክር ለሁሉም አንድ አይደለም። በጊንጪ ወይም በአምቦ ከተማ በሱቅ ተቀምጣ ለምትውል ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም በእግሯ መሄዷ ራሱ ለሥጋዋም ይጠቅማታል። በገጠር ግን ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትሸከመው፣ ወፍጮ ቤት የምትመላለሰው፣ በጭስ ውስጥ እንጀራ የምትጋግረው እናት የጐደላት እንቅስቃሴ ሳይሆን ዕረፍት ነው። በቀዶ ጥገና ጊዜ ከብብቷ ሥር ንፍፊት የወጣላት ሴት በዚያ በኩል ያለው ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ምጣድና እንፋሎት እንዳያቃጥላት፣ ቢላዋና እሾህ እንዳያቈስላት መጠንቀቅ አለባት፤ ወደ ከባድ ሸክምም የምትመለሰው የጤና ባለሙያ እንዳሳያት ቀስ በቀስ ነው። ይህን ሁሉ ብቻዋን ልታደርገው አትችልም። ጀሪካኑን ሌላ ሰው ካልተሸከመላት፣ ተጠንቀቂ የተባለችው ምክር ለእርሷ ሌላ ሸክም ሆነባት ማለት ነው።

የቅዱስ ጴጥሮስ አማት ንዳዱ በለቀቃት ጊዜ ተነሥታ ማገልገሏን እየጠቀሰ፣ ከሕክምና የተመለሰችውን ሚስቱን ወዲያው ወደ ምጣድ የሚመልስ ባል ቢኖር፣ ወንጌሉን ለስንፍናው መሸፈኛ አድርጎታል። እርሷን ጌታ በአንድ ጊዜ ፍጹም ጤና ሰጥቷት ነበር፤ በሐኪም እጅ የሚሰጠው ጤና ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ባል ውኃውን ቢቀዳ፣ ልጆች እንጨቱን ቢያመጡ፣ የማኅበር እኅቶች በየተራ እንጀራውን ቢጋግሩላት ለማንም አይከብድም። ባል ሌላም ነገር ያስብ። ጡቷ የተቈረጠ ሴት ከሕመሙ ይልቅ ኀፍረቱ የሚጐዳት ጊዜ አለ። በተክሊል ወይም በቍርባን አንድ ሥጋ የሆነ ሰው የአካሉን ቍስል አይጸየፍም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እውነት ከሆነ፣ ቍስሏን እንድትደብቅ የሚያደርጋት ሰው መድኃኒቷን ከለከላት ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልግበት አንድ ነገር ቀርቷል። መልካም ልማድ ሕመሙ የመመለሱን ዕድል ለመቀነስና ሰውነትን ለማበርታት ይረዳል እንጂ ዋስትና አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዚህ ሕመም ከሚያዙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከመግፋቱ በቀር የተለየ ምክንያት የላቸውም። ስለዚህ ሕመሙ ቢመለስባት ምን በልታ ነው፣ ምንስ አጥፍታ ነው እያለ የሚመረምር ሰው ከኢዮብ ወዳጆች ይማር። እነዚያ ሰዎች ሰባት ቀንና ሌሊት በዝምታ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ በጎ አድርገው ነበር፤ የበደሉት አፋቸውን ከፍተው ጥፋቱን መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ነው። ጌታችንም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ፣ ሕመሙ በእርሱም ሆነ በወላጆቹ ኀጢአት የመጣ እንዳልሆነ አስረድቷል። እኛ ከጌታ ይልቅ ፈራጆች ልንሆን አይገባንም።

እንግዲህ ጥንቃቄው ለሕይወት የሚከፈል ዋጋ ካልሆነ፣ ኀጢአትንም ለመካስ ካልሆነ፣ ምንድን ነው ቢባል ምስጋና ነው እንላለን። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ ነቢዩ ኢሳይያስም በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት አዘዘ፤ በዘመኑም ላይ 15 ዓመት ተጨመረለት። ጸሎቱ፣ መድኃኒቱና የእግዚአብሔር ቸርነት በአንድ ታሪክ ውስጥ ተስማምተው ይገኛሉ። ነገር ግን መጽሐፈ ዜና መዋዕል እንደሚነግረን ሕዝቅያስ በተጨመረለት ዘመን ልቡ ታበየ፤ እንደ ተቀበለውም ቸርነት መጠን አልመለሰም፤ በኋላ ራሱን አዋረደ እንጂ። የተጨመረ ዘመን አደራ ነው። አንዲት እኅት ማለዳ ተነሥታ እየጸለየች ስትራመድ፣ ኪኒኗን በስመ አብ ብላ ስትውጥ፣ የቀረበላትን ጠላ በትሕትና ስትመልስ፣ አደራዋን እየጠበቀች ነው። ሞትን ስለፈራች ብቻ ብታደርገው ፍርሃቱ ያደክማታል፤ ስለ ተሰጣት ዘመን እያመሰገነች ብታደርገው ግን ያው ሥራ ጸሎት ይሆንላታል። የደከማት ቀን ቢኖርና ባትችለው፣ የሰጣት አምላክ ድካሟን ያውቃል።

ካህናት ወንድሞቼም ይህን ትምህርት በየሰበካችን፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን አብዛኛው የምዕራብ ሸዋ ምእመን በሚናገረው በኦሮምኛም ጭምር ማስተማር ይገባናል። በጡቷ ላይ ያልተለመደ እብጠት ያገኘች ሴት ሳትዘገይ ወደ ሐኪም እንድትሄድ፣ ታክማ የተመለሰችውም ብቻዋን እንዳትቀር የምንነግረው እኛ ነን። ጌታ የሚበላ ስጧት ብሎ ያዘዘው በኢያኢሮስ ቤት ለነበሩት ነው፤ ዛሬ በየቤታችንና በየደብራችን የዳኑት እኅቶቻችን ሲመለሱ ያ ትእዛዝ የሚጠብቀው እኛን ነው። ይህን ለመፈጸም እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን፤ በሕመም ላይ ላሉት ምሕረቱን፣ ለዳኑት ጽናቱን፣ ለሚያስታምሙት ትዕግሥቱን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።